ስለ ጅብ አንድ ገጽ ጻፉ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚያድግ የ10 ዓመት ልጅ ስለ ጅብ የሚያውቀው ጥቂት አይደለም። ሲመሽ ከየትኛው ገደል በኩል እንደሚጮህ፣ የሞተ አህያ ወደተጣለበት ቦታ ስንት ሆኖ እንደሚመጣ፣ የትኛውን አጥር እንደሚደፍርና የትኛውን እንደሚሸሽ ያውቃል። በጎቹን ሳይመሽ ወደ በረት ማስገባት ያለበት እረኛ ነውና ይህን ሁሉ የተማረው ለጨዋታ ብሎ አይደለም። ይኸው ልጅ ክፍል ገብቶ «ስለ ጅብ አንድ ገጽ ጻፉ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ሦስት አራት መስመር ጽፎ ብዕሩ ይቆማል፤ አለዚያም የሚያውቀውን ጅብ ትቶ ወደ ተረቱ ጅብ ይሄዳል። እኛም ችግሩን የቃላት እጥረት እንለውና አያያዥ ቃላትን በሰሌዳ ደርድረን እናስጠናዋለን። የዚህ ጽሑፍ ክርክር መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር አልተገናኘም የሚል ነው። ልጁ የጎደለው ቃል ሳይሆን ዕውቀቱን የሚያደራጅበት ልማድ ነው። የተያያዘ ጽሑፍ መጻፍ የሚችለው ያየውን ከሰማው መለየት፣ የለየውን በየጥያቄው መመደብ፣ ከዚያም አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ማስነሳት ሲለምድ ነው። «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» ከዚያ በኋላ ቢመጡ ይደርሳሉ።

እንዲህ ዓይነቱን አንቀጽ እንመልከት። የአንድ ልጅ ጽሑፍ አይደለም፤ በብዙ ደብተሮች ላይ የሚታየውን ጠባይ እንዲያሳይ የተዘጋጀ ነው። «ጅብ የዱር እንስሳ ነው። ሌሊት ይጮኻል። ጅቦች አህያ ይበላሉ። በተጨማሪም ጅቡ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ትልቅ ጥርስ አለው። በመሆኑም ሰው ይፈራዋል። በመጨረሻም ጅብ ሞኝ ነው።» መምህሩ ያስጠናቸው አራት አያያዥ ቃላት በየቦታቸው ተሰክተዋል። አንቀጹ ግን አልተያያዘም። ጉድጓድ ውስጥ መኖር ለጥርስ ትልቅነት ምክንያት አይሆንም፤ «ስለዚህ» ሲል ግን ልጁ ያላሰበውን ምክንያት እንዲናገር ተገድዷል። ሰባት ዓረፍተ ነገሮች ስለ ድምፅ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መኖሪያ፣ ስለ አካል፣ ስለ ሰው ፍርሃትና ስለ ጠባይ ያነሳሉ፤ በአንዱም ላይ የሚቆይ የለም። በመምህር ዓይን የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ አያያዥ ቃላቱን ስለተጠቀመ ነጥብ ያገኛል፣ ነጥብ ስላገኘም መጻፍ ማለት ይህ ነው ብሎ ይይዛል።

ማይክል ሃሊደይና ሩቃያ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፋቸው፣ ዓረፍተ ነገሮችን የሚያያይዙ መንገዶችን በአምስት መድበዋቸዋል፤ ቀድሞ የተጠራውን ማመልከት፣ በሌላ ቃል መተካት፣ የታወቀውን ሳይጠሩ መተው፣ በአያያዥ ቃል ማገናኘት፣ እንዲሁም የሚዛመዱ ቃላትን መጠቀም። ጥናታቸው በእንግሊዝኛ ላይ ቢሆንም ነጥቡ ለእኛም ይሠራል። ከአምስቱ አያያዥ ቃል አንዱ ብቻ ነው፤ እኛ ክፍል ውስጥ የምናስተምረው ግን እሱን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አማርኛ ደግሞ በተቀሩት ባለጸጋ ነው። ግሱ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ «ይጮኻል» ካልን ማን እንደሚጮህ መድገም አያስፈልግም። «ቀን በጉድጓዱ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ፣ የሸተተውን ተከትሎ፣ ያገኘውን በልቶ ይመለሳል» ስንል ጅብ የሚለው ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሳ ሐሳቡ ሳይበጠስ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። ልጆች ይህን በንግግራቸው ቀኑን ሙሉ ያደርጉታል። ደብተር ላይ ሲደርሱ የሚጠፋቸው፣ መጻፍ ማለት በነጥብ የተቆራረጡ አጫጭር መስመሮችን መደርደር ነው ብለን ስላስለመድናቸው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቁጥርና ፆታ ጸንተው ሲቆዩ ነው። ከላይ ባየነው አንቀጽ ልጁ በ«ጅብ» ጀምሮ ወደ «ጅቦች»፣ ከዚያ ወደ «ጅቡ» ዘሏል። «ጅብ» ብቻውን ሲቆም የዘሩን ሁሉ ጠባይ ይናገራል፤ «ጅቡ» ሲሆን ግን አንባቢ «የትኛው?» ብሎ ይጠይቃል። ከግሱም ጋር እንዲሁ ነው። ተረት «ጅቡ መጣ፣ አህያዋንም በላት» ይላል፤ አንድ ቀን የሆነ አንድ ነገር ነው። ገላጭ ድርሰት ግን «ጅብ ይመጣል፣ ይበላል» ይላል፤ ሁልጊዜ የሚሆነውን ነው የሚናገረው። ብዙ ልጆች በ«ይበላል» ጀምረው በሦስተኛው መስመር «በላ» ላይ የሚደርሱት ሰዋስው ስላልገባቸው ሳይሆን ሳያውቁት ተረት መንገር ስለጀመሩ ነው። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ግሱን ብቻ ቢያርም ልጁ የሚማረው ትንሽ ነው፤ «አሁን የምትነግረን ስለ አንድ ጅብ ነው ወይስ ስለ ጅብ ሁሉ?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ግሱን ልጁ ራሱ ያርመዋል።

አሁን ያንኑ ጥርስ የሚለውን ሐሳብ እንውሰድና በአንድ ጥያቄ ላይ እንቆይ፤ ጅብ ምን ይበላል፣ በምንስ ይበላል? «ጅብ ጠንካራ መንጋጋ አለው። በዚህ መንጋጋ ሌሎች አውሬዎች ትተውት የሚሄዱትን አጥንት ሳይቀር ሰባብሮ ይበላል። አጥንቱ በሆዱ ውስጥ ስለሚፈጭ እዳሪው ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል።» በዓረፍተ ነገሮቹ መነሻ ላይ አንድም የተጠና አያያዥ ቃል የለም። የመጀመሪያው በመንጋጋ ላይ ያበቃል፣ ሁለተኛው ከመንጋጋው ይነሳል፤ ሁለተኛው አጥንትን ያመጣል፣ ሦስተኛው «አጥንቱ» ብሎ ይቀበለዋል። «አጥንት» የነበረው «አጥንቱ» የሆነው አንባቢው አሁን ስለሚያውቀው ነው። በመጨረሻም ልጁ በመንገድ ዳር አይቶት የሚያውቀው ነጭ እዳሪ ምክንያት አገኘ። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ለብቻቸው ያውቃቸው የነበሩ ሁለት ነገሮች፣ የጅብ አጥንት መስበርና የእዳሪው መንጣት፣ አንዱ የሌላው ምክንያት ሆነው የተገናኙት ሲጽፍ ነው። ጽሑፍን የሚያያይዘው እንዲህ ያለ ግንኙነት ሲሆን፣ አያያዥ ቃል ግንኙነቱን ያሳያል እንጂ አይፈጥረውም።

እዚህ ላይ የተረቱ ጅብ ይመጣል። በእኛ ተረት ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው፣ ጦጣ ታታልለዋለች፣ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ጅቡ በዚያ የቆመው ስለ ሰው እንዲናገር ነው። ልማዱም የቆየ ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለ መጽሐፍ የእንስሳትን ጠባይ የሚያነሳው ሃይማኖታዊ ምሳሌ ለማውጣት ነበር። የግሪኩ መጽሐፍ ጅብን አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት ይሆናል ይላል። ስሕተቱ መነሻ አለው፤ ሴቷ ጅብ በውጭ አካሏ ወንዱን ስለምትመስል ከሩቅ ለመለየት ያስቸግራል። ቀርበው ለዓመታት የተከታተሏት ግን ሌላ ነገር አይተዋል። ኬይ ሆለካምፕ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኬንያ ማሳይ ማራ ጅቦችን ስትከታተል ቆይታለች። ሴቷ ከወንዱ በአካል ትበልጣለች፣ በመንጋውም የበላይ ናት፤ 110 ቀን ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግልገል ትወልዳለች፣ ግልገሎቹም ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ደግሞ ሥጋ የተቆለፈበት የብረት ሣጥን ለ62 የዱር ጅቦች ቀርቦ 9ኙ ከፍተውታል። ቁጥሩ ጅብን ሊቅ አያደርገውም፤ «ጅብ ሞኝ ነው» ብሎ በደፈናው መጻፍ ግን አያስኬድም። ልጁ «አንዳንድ ጅቦች» ማለትን የሚማረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ተረታችንን ልታስረሱት ነው ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ተቃውሞም ነው። ልጅ ከአያቱ የወረሰው የቃል ሀብት በ«እውነታ» ስም ቢነጠቅ ኪሳራው የሁላችንም ነው። ሆኖም ተረት የሚጎዳው ከእውነታ ጋር ሲደባለቅ ነው፤ ሲለያዩ ሁለቱም ይጠራሉ። አማርኛም ለዚህ መሣሪያ አለው። «ይጮኻል» ያየ የሰማ ሰው ቃል ነው፤ «ይጮኻል ይባላል» ከሌላ የሰማ ሰው ቃል ነው። ደብተሩን በሦስት ከፍሎ ያየሁት፣ ከሰው የሰማሁት፣ ያነበብኩት እያለ የሚመዘግብ ልጅ ስለ ቡዳና ስለ ጅብ የሚወራውንም ሳይንቅ በቦታው ያስቀምጠዋል። ጎጃም ደግሞ ቃልን በመመዘን የሚታማ አገር አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ያሉበት ነው። የቅኔ ተማሪ ለአንድ ቃል ሁለት ፍች አዘጋጅቶ ሰሙን ከወርቁ ያዋህዳል። ገላጭ ድርሰት የሚሻው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አንድ ቃል አንድ ፍች ብቻ እንዲኖረው። ሁለት ፍች መፍጠር የሚችል አእምሮ አንዱን ማጥራት አይሳነውም፤ መቼ የትኛው እንደሚፈለግ ግን ሊነገረው ይገባል።

ከዚሁ ከአገራችን የወጣ አንድ ጥናት የእንስሳ ገለጻ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ በትግራይ የጅብን እዳሪ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር በመለየት ጅቡ ምን እንደበላ መርምረዋል። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ፀጉር ድርሻ 15 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በጾሙ ወቅት ወደ 33 በመቶ ከፍ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 በመቶ ወረደ። ሰው ሲጾም እርድ ይቀራል፣ እርድ ሲቀር ጅብ የሚለቅመው ትራፊ ያልቃል፣ ትራፊ ሲያልቅ ወደ አህያ ይዞራል። ይህን ሰንሰለት የጎጃም ልጅ ያለ አስረጂ ይረዳዋል፤ 55 ቀን የሚጾም ቤት ልጅ ነውና። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቀሌ አካባቢ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብ እንደሚያስወግዱና በዚህም እንደ አባ ሰንጋ ያሉ በሽታዎች ወደ ሰውና ከብት እንዳይተላለፉ እንደሚያግዙ ገምቷል። ልጆች እነዚህን ቁጥሮች እንዲሸመድዱ አይደለም የምጠቅሳቸው። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ለ4ኛ ክፍል ልጅም የሚቻል ስለሆነ ነው፤ አንድ ጥያቄ ያዙ፣ መሬት ላይ የሚታይ ነገር ፈለጉ፣ ያገኙትን በጊዜ ቅደም ተከተል አስቀመጡ፣ ምክንያቱን ከዚያ አወጡ።

ሌላው ተቃውሞ ከመምህራን ራሳቸው ይመጣል። ልጆች ስለ እንስሳ ሲጽፉ መልክ፣ መኖሪያ፣ ምግብ፣ መራባት የሚል ንድፍ ከሰጠናቸው የሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ይሆናል ይላሉ። እውነት አላቸው። በሲድኒ ጂም ማርቲንና ጆአን ሮዘሪ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ልጆችን ጽሑፍ ሲመረምሩ አብዛኛው ታሪክና የዋልኩበት ውሎ ሆኖ አገኙት፤ ዓለምን የሚያብራራ ጽሑፍ ግን ጥቂት ነበር። ያቀረቡት ዘዴ፣ ናሙና አብሮ አንብቦ፣ በክፍል አብሮ ጽፎ፣ ከዚያ ለየብቻ መጻፍ፣ ብዙ አገር ተቀብሎታል፤ ንድፉ ባዶ ቅጽ መሙላት እየሆነ ነው የሚል ትችትም አልቀረለትም። በእኔ ግምት አደጋው ከንድፉ አይመጣም፤ የሚመጣው የማንም ጥያቄ ያልሆነ ንድፍ ሲሰጥ ነው። «መኖሪያ» ብሎ ርዕስ ከመስጠት «ጅብ ቀን የት ይውላል? እንዴት አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጀመሪያው «ጅብ በዋሻ ይኖራል» በሚል አንድ መስመር ያልቃል፤ ሁለተኛው ልጁን ገደል አፋፍ ላይ ካየው ዱካና አጥንት ጋር ያገናኘዋል። የደብረ ኤልያስ ልጅና የስናን ልጅ መልስ አንድ አይሆንም፤ አንዱ ቆላማውን፣ ሌላው የጮቄን ብርድ ነው የሚያውቀው።

የሚከብደው ተቃውሞ ስለ አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ በአማርኛና በሌሎች የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዳዲስ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ ክፍሉ ግን ብዙ ቦታ ዛሬም የተጨናነቀ ነው። ማንበብ ሳይችሉ ምን ድርሰት አለ ይባላል። ሆኖም አብሮ መጻፍ ራሱ ንባብ ማስተማሪያ ነው። መምህሯ «ጅብ ስለምን ይጮኻል?» ብላ ጠይቃ፣ ልጆቹ በቃል የመለሱትን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ብትጽፈው፣ እነሱ ራሳቸው የተናገሩትን ዓረፍተ ነገር ነው የሚያነቡት፤ ከማያውቁት ታሪክ ይልቅ ይህ ይቀላቸዋል። ለዚህ አንድ ሰሌዳና አንድ ጠመኔ ይበቃል። ርዝመቱም ቀስ በቀስ ይደግ። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ብዙ ቆይቶ ነው። የ3ኛ ክፍል ልጅም ሁለት የተያያዙ ዓረፍተ ነገሮች ይብቁት፤ 4ኛ ክፍል አንድ አንቀጽ፣ 6ኛ ክፍል ሦስት። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ገጽ እንጠይቅና ያልተያያዘ ዝርዝር ሲመጣልን እንገረማለን። የአማርኛና የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜያት ቢተባበሩ ደግሞ ጊዜ ይተርፋል እንጂ አይጎድልም፤ አንዱ ዕውቀቱን፣ ሌላው አጻጻፉን ይይዛል።

ስለ ፈተናና ስለ ዘመኑም መናገር ያስፈልጋል። ልጆቻችን እስከ 12ኛ ክፍል የሚመዘኑባቸው ትልልቅ ፈተናዎች በምርጫ የሚመለሱ ናቸው፤ አንድ ተማሪ አንዲት አንቀጽ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ በር ሊደርስ ይችላል። በፈተና የማይመጣ ነገር አይጠናም የሚለው ስሌት ግን ለልጁ አይሠራም፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ዘገባ ጻፍ ይባላልና። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። በዚህ ሰዓት ስለ አንቀጽ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው አለ። ልጁ ቤቱ በዋለባቸው ወራት ግን ማየቱን አላቋረጠም፤ በጉን ጠብቋል፣ ጅቡን ሰምቷል። ወደ ክፍል ሲመለስ ሳይጠፋው የሚያገኘው ዕውቀት ይኸው ነው፤ መጽሐፍ ቢጎድልም በዚያ መጀመር ይቻላል። መመዝገቡም ለአገር ይጠቅማል። ቀይ ቀበሮ ቀድሞ በጮቄ ተራራ ይኖር ነበር፤ ተመራማሪዎች አሁን ከዚያ ጠፍቷል ብለው መዝግበዋል። እዚያ በነበረ ጊዜ ምን ያድን እንደነበር፣ የት ይወልድ እንደነበር ከሁሉ በላይ ያዩት የእረኛ ልጆች ነበሩ፤ እንዲጽፉት ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

የሚቀረው እርማት ነው፤ አብዛኛው መምህር ከድርሰት የሚሸሸው በእሱ ምክንያት ነውና። በየደብተሩ ሁሉን ስሕተት ማረም ለማንም አይቻልም፣ ለልጁም አይጠቅምም። በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይታይ። አንዱ ሳምንት እንስሳው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቁጥርና በአንድ ፆታ መጠራቱ፣ ሌላው ሳምንት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከፊተኛው ምን እንደተቀበለ፣ ሦስተኛው ሳምንት ልጁ ያየውንና የሰማውን መለየቱ። ጎረቤቱ ደብተሩን ተቀብሎ «ጅቡ» የሚል ቃል ባገኘ ቁጥር «የትኛው?» ብሎ ይጠይቀው። ይህን የደብረ ማርቆስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለዕጩ መምህራን ሊያሠለጥን ይችላል፤ የክልሉ ፈተናም ከምርጫዎቹ መሐል ለአንዲት አምስት መስመር አንቀጽ ቦታ ቢተው፣ ትምህርት ቤቶች በማግሥቱ ማስተማር ይጀምራሉ።